መፍታት፣ መፋታት፣ ማጥፋት፦ የፍቺ ሕግና የፍቺ ቋንቋ ከካርቲየ 3 ሲታይ

በጅቡቲ ከተማ፣ የአውሮፓውያን መኖሪያ የነበረው ማእከል ከሚያበቃበት በስተደቡብ፣ በቁጥር የሚጠሩ ሰፈሮች ይገኛሉ። በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን ለአገሬው ነዋሪ የተሸነሸኑ ሲሆኑ፣ አገዛዙ ካለፈ በኋላም ቁጥራቸው ስማቸው ሆኖ ቀርቷል። ካርቲየ 3 ከእነዚህ አንዱ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ስሙን ሲጠራ ግማሹን በፈረንሳይኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አድርጎ «ካርቲየ ሦስት» ይላል። ሶማሊኛና አፋርኛ የቤትና የመንገድ፣ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የመንግሥት ቋንቋ በሆኑበት በዚህ ከተማ አማርኛ የሾፌሩ፣ የነጋዴው፣ የስደተኛውና የቤት ሠራተኛዋ ቋንቋ ነው። በገበያ ይሰማል፤ ችሎት ፊት ግን የሚደርሰው በአስተርጓሚ አፍ ነው።

አንድ ትዳር በዚህ ሰፈር ሲፈርስ ከቤቱ ጠብ በላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ባልና ሚስቱ የሚለያዩት በየትኛው መንግሥት ሕግ ነው? ሕጉስ የሚጠይቃቸው ምንድን ነው? በዓለም ላይ ያሉ የፍቺ ሕጎች፣ ዝርዝራቸው እንደየአገሩ ቢለያይም፣ ከሁለት ጥያቄዎች በአንዱ ይጀምራሉ። አንደኛው «ያጠፋው ማን ነው?» ይላል፤ ጥፋተኛ ካልተገኘ ፍቺ የለም፣ ወይም ፍቺው በቅጣት ይመጣል። ሁለተኛው «አብሮ መኖሩ ቀርቷል ወይ?» ይላል፤ ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለም። ኢትዮጵያ በአርባ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ተሻግራለች። ይህ ሽግግር ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ነገር ተደርጎ ይነገራል። የአማርኛ ቃላት የሚመሰክሩት ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል።

ፍቺ «ፈታ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። የዚህ ግስ አባት የሆነው የግእዙ «ፈትሐ» የታሰረን መፍታትንም፣ መፍረድንም ይናገራል። ከመፍረዱ ፍትሕ፣ ፍትሐ ነገሥት፣ በኋላም ፍትሐ ብሔር የሚሉት መጡ። ከመፍታቱ ደግሞ የእስረኛ መፈታት፣ የሕልም ፍቺ፣ የቃል ፍቺ፣ የባልና ሚስት ፍቺ ተገኙ። ፍትሕና ፍቺ፣ ዛሬ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች የሚጻፉ ቢሆኑም፣ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው።

መፍታትን መታሰር ይቀድመዋልና፣ ትዳርን እንደ ቋጠሮ ማየት የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም «ኒካህ ታሰረ» ይላል። የዓረብኛው ጠላቅ መልቀቅን ከሚያመለክት ሥር የመጣ ነው፤ ሶማሊኛውም መክፈትንና መፍታትን በሚናገረው «ፉር» በሚለው ግስ ትዳር መፍረሱን ይገልጻል። በካርቲየ 3 ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች በዚህ ረገድ በሦስት ቋንቋ አንድ ነገር ይናገራሉ። የተለየው የመንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ የእሱ ቃል ከላቲን የወረሰው ወደተለያየ አቅጣጫ ዞሮ መሄድን ነው፤ ገመድም ቋጠሮም የለበትም።

ልዩነቱ ያለው በግሱ ባለቤት ላይ ነው። በዓረብኛውና በሶማሊኛው አነጋገር ብዙውን ጊዜ ፈቺው ባል፣ ተፈቺዋ ሚስት ናት፤ ይህም ከሃይማኖቱ ሥርዓት ጋር የሚሄድ ነው። በአማርኛ «ሚስቱን ፈታ» እንደሚባል ሁሉ «ባሏን ፈታች» ማለትም ጆሮ የለመደው ነው። ከሁለቱ ሌላ ደግሞ «ተፋቱ» አለ። «ተ-» በሚለው ቅድመ ቅጥያና በግሱ ውስጣዊ ለውጥ ድርጊቱ የእርስ በርስ ይሆናል፤ ማን እንደ ጀመረው፣ ማን እንደ በደለ አይታወቅም፤ ዓረፍተ ነገሩም አይጠይቅም። ሕግ ዐዋቂዎች «ጥፋተኛ የማይፈለግበት ፍቺ» ሲሉ በረጅም ሐረግ የሚገልጹትን አማርኛ በአንድ ግስ ይዞት ኖሯል።

ቃል ብቻውን የታሪክ ማስረጃ አይሆንም ቢባል ትክክል ነው። ስለዚህ ወደ ልማዱ መሄድ ያስፈልጋል።

ከዘመናዊው ሕግ በፊት በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክርስቲያን ዘንድ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ይታወቅ ነበር። የቁርባን ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸም፣ እስከ ሞት የሚጸና ነበር፤ ካህናትና በዕድሜ የገፉ ጥንዶች ካልሆኑ ብዙ ሰው አይደፍረውም ነበር። ይህን ጋብቻ የሚገዛው ፍትሐ ነገሥት፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፍ፣ እንደ ዝሙትና እንደ ምንኩስና ባሉ በተቆጠሩ ምክንያቶች ካልሆነ መለያየትን አይፈቅድም። ጥፋትን የሚፈልገው ሕግ በአገሩ ከጥንት ነበረ ማለት ነው፤ ነገር ግን የነበረው በመጽሐፍና በጥቂቶች ቤት ነው።

ብዙኃኑ የሚጋባው በሰማንያ ነበር። የስሙ አመጣጥ ስምንት ዐሥር ከሚለው ቁጥር ጋር መያያዙ ግልጽ ሲሆን፣ ቁጥሩ ምን ይቆጥር እንደነበር ግን የሚሰጡት ማብራሪያዎች ብዙ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይታረቁም። ሰማንያ በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት የሚደረግ ውል ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚያመጡት ይቆጠራል፤ አብረው ያፈሩት የሁለቱ ይሆናል። ትዳሩ ሲፈርስ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ለማስታረቅ ይደክማል፤ ካልሆነ ንብረቱን ያካፍላል። ሴቲቱም ብትሆን «በቃኝ» ብላ ድርሻዋን ይዛ መውጣት ትችል ነበር። የሐበሻን አገር የጎበኙ የውጭ ሰዎች ከጻፏቸው ነገሮች መካከል የፍቺው ብዛትና ቅለት ደጋግሞ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እነርሱ በመጡበት አገር መፋታት ወይ ፈጽሞ ክልክል ነበር፣ ወይ ጥፋተኛ ሳይሰየም አይሆንም ነበር። «ሰማንያዋን ቀደደች» የሚለው አነጋገር ዛሬም አለ። ወረቀቱን ስለ ቀደደው እጅ እንጂ ስለ ቀዳጁ ምክንያት አይናገርም።

ሦስተኛው የደመወዝ ጋብቻ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ክፍያ የሚደረግ፣ ነጋዴና ወታደር፣ መንገደኛም የሚያዘወትረው። ቃሉ ዛሬ የወር ክፍያን ብቻ ስለሚያስታውስ ወጣት አንባቢ ሊገርመው ይችላል። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ መንገዱን ተከትሎ የሄደው የሰው ጉዞ እንዲህ ያለውን ጊዜያዊ ትዳር የሚመች ነበር። ዛሬም በወደብ ከተማ ያለ ሰማንያና ያለ ኒካህ አብሮ መኖር ስም አጣ እንጂ አልጠፋም።

ይህ ሁሉ በ1952 ዓ.ም. ተለወጠ፤ ቢያንስ በወረቀት። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሆነ። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች ተቀበለ፤ ፍቺን በተመለከተ ግን ለሦስቱም አንድ ሥርዓት ደነገገ። ባል ሚስቱን በራሱ ቃል መፍታቱ ተከለከለ። በስምምነት መፋታትም ተከለከለ። «ተፋቱ» የሚለው ግስ፣ በሕግ ዓይን፣ ሊሆን የማይችል ነገር ሆነ ማለት ነው።

በምትኩ የመጣው «ከባድ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ነው። አንደኛው ወገን ቢያመነዝር፣ ወይም ቤቱን ጥሎ ሄዶ ለሁለት ዓመት ያለበት ባይታወቅ፣ ይህ ከባድ ምክንያት ነው። በአእምሮ ሕመም ተቋም ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆየትና የመጥፋት ውሳኔም ከዚሁ ተቆጠሩ። እንዲህ ያለ ምክንያት ሳይኖረው ፍቺ የጠየቀ ሰው ፈጽሞ አይከለከልም፤ ግን እስከ አንድ ዓመት ሊደርስ በሚችል የማስታረቅ ሂደት ያልፋል፤ መጨረሻውም ላይ ከጋራ ሀብቱ ድርሻው ሊቀነስበት ይችላል። ጥፋት የመፋታት ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የንብረት መለኪያም ሆነ። በሰማንያው ልማድ ድርሻዋን ይዛ ትወጣ የነበረችው ሴት፣ በአዲሱ ሕግ ባሏ ያጠፋውን ማስረዳት ካልቻለች፣ ለመውጣቷ ልትከፍል ነው።

ፈረንሳይ ራሷ በዚያ ዘመን የነበረችበትን ማየት ነገሩን ያብራራል። የ1804ቱ ሕጓ በስምምነት መፋታትን ፈቅዶ ነበር፤ በ1816 ፍቺ በጠቅላላው ተሻረ፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ሲመለስ በጥፋት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ነበር። በስምምነት መፋታት እንደገና የተፈቀደው በ1975 ነው። ስለዚህ ዳቪድ ሕጉን ሲያረቅቅ የመጣው ጥፋተኛ ሳይገኝ መፋታት ከማይቻልበት አገር ነበር። ይህን እንደ ነቀፋ ብቻ መውሰድ አይገባም፤ አርቃቂው ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲሆኑ ማድረጉ ለአገሩ ልማድ ጆሮ መስጠቱን ያሳያል። ፍርድ ቤት የሚገባው በጠባብ ምክንያት ብቻ ነበር። ነገር ግን የተገኘው ድብልቅ ነው፤ ሸንጎው የሐበሻ፣ በሸንጎው የሚጠየቀው ጥያቄ የፈረንሳይ። ለማስታረቅና ለማካፈል የለመደው ሽማግሌ አሁን ጥፋተኛ እንዲመርጥ ታዘዘ።

እዚህ ላይ «ጥፋት» የሚለው ቃል ራሱ ቆም ብሎ መታየት አለበት። ሥሩ «ጠፋ» ነው፤ ከዓይን ተሰወረ፣ አለቀ። «አጠፋ» ደግሞ አወደመም፣ በደል ሠራም ማለት ነው። በ1952ቱ ሕግ የተዘረዘሩት የጥፋት ዓይነቶች ሁለቱንም ይይዛሉ፤ አመንዝራው ባል አጠፋ፤ ጥሎ የሄደው ባል ጠፋ። ወደ ጅቡቲ ሥራ ፍለጋ ለሄደ ሰው ሚስት ይህ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ባሏ መጥፋቱን እንጂ ማጥፋቱን የማታውቅ ሴት የምትቆጥረው ቀን ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል በአንድ መንገደኛ እጅ ደብዳቤ ቢልክ፣ ያለበት ታውቋልና ምክንያቷ ከእጇ ሊያመልጥ ይችላል።

ይህ ሕግ ንጉሡ ከወረዱ በኋላም፣ በደርግ ዘመን ሁሉ፣ በመጽሐፉ ላይ ኖሯል። የተነቃነቀው በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 34 ወንዶችና ሴቶች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ተከራከሩ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

አዲሱ ሕግ ፍቺን በሁለት በር ያስገባል። አንዱ ባልና ሚስት ተስማምተው የመለያያ ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤት አቅርበው የሚያጸድቁበት ነው፤ ምክንያታቸውን እንዲናገሩ አይገደዱም። ሌላው ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም በአቤቱታ የሚጠይቁት ነው። ፍርድ ቤቱ ለማስማማት ይሞክራል፤ እነርሱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲታረቁ ሊመራቸው ይችላል፤ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ካልሠራ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺውን ይወስናል። የጋራ ሀብት በመርሕ እኩል ይካፈላል። የመፍረድ ሥልጣኑ ከሽማግሌዎች ተወስዶ ለፍርድ ቤት ብቻ ተሰጠ። ጥፋት ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ለሌላው ካሳ እንዲከፍል ፍትሕ ካስገደደ ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል። ከመግቢያው በር ተነሥቶ ወደ ጓዳ ተዛወረ ማለት ይቻላል።

ሰማንያውን ለሚያስታውስ ይህ ሕግ እንግዳ አይሆንበትም። ውል፣ እኩል ድርሻ፣ ማስታረቅ፣ ካልሆነ መለያየት፤ ሁሉም የነበሩ ናቸው። የጠፋው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው ለምኖ፣ አስታርቆ፣ ወስኖ የሚነሣበት ምንጣፍ። ዛሬ ሽማግሌ ቢያፋታ ፍቺው በሕግ የጸና አይደለም። በውጭ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ከባድ ለውጥ ነው። ሽማግሌ በካርቲየ 3 ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ግን ድንበር ማዶ ነው።

በአዲሱ ሕግ ቋንቋ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍ። «በስምምነት ፍቺ» የሚለው ሐረግ ለአማርኛ ጆሮ ጥቂት ያስቃል። ባልና ሚስት ለምን እንደተለያዩ ቢጠየቁ «አልተስማማንም» ይላሉ። ስላልተስማሙ በስምምነት ይፋታሉ። አማርኛ አብሮ በሰላም መኖርንና አንድ ሐሳብ ላይ መድረስን በአንድ ግስ ስለሚናገር የተፈጠረ ነው፤ ለአገሬው ዳኛ ችግር የለውም፤ ለአስተርጓሚ ግን ወጥመድ ነው። ሌላው ቅሪት የተከራካሪዎች ስም ነው። በስምምነት የመጡት ሁለቱም አመልካቾች ይባላሉ፤ አንዱ ብቻውን ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ተብለው ይጻፋሉ። ሕጉ ጥፋተኛ አልፈልግም ቢልም፣ የመዝገቡ ራስጌ ተከሳሽ ይሰይማል። መጥሪያ ደርሶት ወረቀቱ ላይ «ተከሳሽ» የሚለውን ያነበበ ባል ምን አጠፋሁ ብሎ ቢነሣ አይፈረድበትም።

የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን በመሆኑ የ1992ቱ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የአማራ ክልል የራሱን በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ፤ ሌሎችም በየጊዜያቸው ተከተሉ። ከጅቡቲ ጋር የሚዋሰኑት የአፋርና የሶማሌ ክልሎች ግን የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ሳይኖራቸው ለረጅም ጊዜ ስለቆዩ፣ መደበኛ ፍርድ ቤቶቻቸው ወደ 1952ቱ ሕግ መመለሳቸው ግድ ነበር። የሃይማኖትና የልማድ ዳኝነት በተከራካሪዎች ፈቃድ ሊያይ እንደሚችልም ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ከጅቡቲ ተነሥቶ በደወሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ ላይ ሦስት የፍቺ ሕግ ያቋርጥ ነበር፤ የጅቡቲን፣ ቀጥሎ ጥፋት የሚጠይቀውን፣ በመጨረሻም ጥፋት የማይጠይቀውን።

የጅቡቲው ሕግ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2002 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ከነጻነት በፊት የአገሬው ሙስሊም የግል ጉዳይ በሸሪዓ ዳኞች ይታይ ነበር፤ የፈረንሳይ ሕግ የሚገዛቸው ደግሞ በፈረንሳይ ፍርድ ቤት። አዲሱ ሕግ በእስልምና ሥርዓት ላይ ተመሥርቶ የሙስሊሞችን ጋብቻና ፍቺ ያስተዳድራል፤ የሚያየውም የቤተሰብ ፍርድ ቤት ነው። ሙስሊም ያልሆኑት ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ይሄዳሉ። በቤተሰብ ፍርድ ቤቱ ባል ፍቺ ሊጠይቅ ይችላል፤ በስምምነት መፋታትም አለ፤ ሚስት ግን ስትጠይቅ የደረሰባትን ጉዳት ታስረዳለች፣ ወይም ከመብቷ ትታ ትወጣለች። ጥፋት የሚፈለግበትና የማይፈለግበት ፍቺ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የሚለያቸውም ባብዛኛው ጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው።

እንበልና አንዲት ሴት በድሬዳዋ በሽማግሌ ፊት ተጋብታ፣ ባሏን ተከትላ ወደ ጅቡቲ መጥታ በካርቲየ 3 ትኖራለች። ባሏ መኪና ይዞ ወጥቶ አልተመለሰም፤ አንድ ጊዜ ከሞጆ፣ አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ ታየ ይባላል። ሴቲቱ ሌላ ሰው ልታገባ ወይም ቤቱን በስሟ ልታዞር ትፈልጋለች። ጎረቤቶቿ «ሰውየው ጠፍቷል፤ ተፈትተሻል» ቢሏት፣ በየትኛውም ሕግ አልተፈታችም። ክርስቲያን ከሆነች የቤተሰብ ፍርድ ቤቱ የእርሷ አይደለም። ድሬዳዋ ሄዳ ብታመለክት ስለ ባሏ ጥፋት ማስረጃ መቁጠር አይጠበቅባትም፤ ጋብቻው መኖሩን ታስረዳለች፤ መጥሪያ የሚደርስበት ሰው መጥፋቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሙስሊም ከሆነችና ጉዳዩ ጅቡቲ ከታየ፣ የባሏ መጥፋት እንደ ጉዳት የሚቆጠር ማስረጃ ይሆናል፤ በድሬዳዋ የማያስፈልጋት ታሪክ እዚህ ሙሉ ጉዳይዋ ነው። ፍቺውን ካገኘች በኋላም ማስመዝገቡ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ፍቺ ከሚመዘገቡ ኩነቶች አንዱ ሲሆን፣ በውጭ ያሉ የኢትዮጵያ ሚሲዮኖችም የምዝገባ ሥራ ተሰጥቷቸዋል።

ባልየው በዚህ መሐል ሌላ ቤት ሠርቶ፣ ልጆች ወልዶ ሊሆን ይችላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እንዲህ ያለ ጉዳይ ቀርቦለት፣ ለረጅም ዓመታት ተለያይተው በየፊናቸው የኖሩ ባልና ሚስት፣ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻቸው እንደ ፈረሰ የቆጠረበት ጊዜ አለ። የሰበር የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ ለበታች ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። የሕግ ምሁራን ተችተውታል፤ ሕጉ የጋብቻ መፍረሻዎችን ሲዘረዝር በቆይታ የሚሆን ፍቺን አልጻፈምና። ትችቱ ከሕጉ ቃል አንጻር ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን ችሎቱ የሠራው፣ በልማዱ «ተለያዩ» የሚባለውን ኑሮ በሕግ «ተፋቱ» ብሎ መጥራት ነበር። ችግሩ የቀኑ አለመታወቅ ነው። ሰማንያ ሲቀደድ ቀን አለው፤ ፍርድም ቀን አለው፤ ቀስ ብሎ የራቀ ባል የራቀበት ቀን የለውም። የጋራ ሀብቱ የሚቆጠረው እስከ መቼ ነው? ከሁለተኛዪቱ ሴት ጋር ያፈራው ከየት ይጀምራል? ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ያፈሩት የጋራቸው እንደሚሆን የ1992ቱ ሕግ ይደነግጋልና፣ የሁለት ሴቶች ድርሻ በአንድ ቀን ላይ ይንጠለጠላል።

በጅቡቲ ችሎት ይህን ሁሉ የሚሸከመው አስተርጓሚው ነው። ሴቲቱ «ባሌ ጠፋ» ትላለች። አስተርጓሚው መሰወርን ብቻ ቢያስተላልፍ ዳኛው የሚሰማው ስለ አንድ ያልታወቀ አድራሻ ነው፤ ጥሎ መሄድን ቢያስተላልፍ የሚሰማው ስለ በደል ነው። «በደለኝ» ብትል ፈረንሳይኛው ጥፋት ወይስ ጉዳት የሚል ምርጫ ያቀርብለታል፤ የመጀመሪያው ስለ ባልየው፣ ሁለተኛው ስለ እርሷ ይናገራል፤ የቤተሰብ ሕጉ የሚጠይቀውም ሁለተኛውን ነው። «አልተስማማንም» ብትል ደግሞ፣ ቃል በቃል ሲመለስ፣ ፍቺውን ባልየው እንደተቃወመ ሊመስል ይችላል። የድሬዳዋው ዳኛ የሚጠይቃት «አስበውበታል ወይ?» ብሎ ነው። የጅቡቲው ዳኛ ግን፣ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ባልዎ ምን አደረሰብዎት?» ይላታል።